የአረጋውያን ነጻ ጉዞ፦ ችሮታ ወይስ ሐቅ?

ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ አዲስ አበባ ለሚኖሩት አባቴ ስልክ ደወልኩ። ሰላምታ ተለዋውጠን እንደጨረስን እንደ ልማዴ፣ «አባባ፣ ዛሬ አንዋር ሰገዱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «የለም ልጄ፣ እዚሁ ሰፈር መስጊድ ሰገድኩ። የአላህ ቤት ሁሉ አንድ ነው» አሉኝ።

መልሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን አባቴን ስለማውቃቸው ነገሩ አላስደሰተኝም። ከኮልፌ ወደ መርካቶ እየወረዱ ጁሙዓን በታላቁ አንዋር መስጊድ መስገድ የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። የዕድሜ እኩዮቻቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንደተዳረ የሚጠያየቁት ከሰላት በኋላ እዚያው ቁጭ ብለው ነው። አንዋር መቅረት ለእርሳቸው ከሰዎቻቸው መቅረት ነው።

እውነቱን የነገረችኝ እህቴ ናት። አባቴ ወር በገባ ቁጥር የጡረታ ገንዘባቸውን ይዘው ጉዟቸውን ይቆጥራሉ። ለሐኪም ቤት ይህን ያህል፣ ለለቅሶ ይህን ያህል፣ ለዘመድ ጥየቃ ይህን ያህል ይላሉ። የታክሲው ሂሳብ ከጡረታው ጋር አልመጣጠን ሲላቸው በመጀመሪያ የዘመድ ጥየቃውን ቀነሱ፤ ቀጥሎ አንዋርን ተዉ። ይህንንም ለልጆቻቸው አልተናገሩም።

ያን ዕለት ማታ እኔ በምኖርበት በኢስታንቡል ትራም ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ የአባቴ እኩያ የሚሆኑ አንድ ጢማቸው የነጣ ሰው ካርዳቸውን ከመሣሪያው ላይ አስነክተው ገቡ። የከፈሉት ነገር የለም። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም ማንንም አላመሰገኑም። አንድ ወጣት ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸውና ተቀመጡ። በሁለቱ አዛውንት መካከል ያለው ልዩነት የጤና ወይም የልጅ መኖርና አለመኖር አይደለም። ልዩነቱ አንድ የሕግ አንቀጽ ነው።

አረጋውያን በሕዝብ ትራንስፖርት ያለክፍያ ሊጓዙ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በብዙ አገሮች ሲያከራክር የቆየ ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በሁለቱም ወገን የሚደመጥ ነገር አለ። ይህ ጽሑፍ ነገሩን በተግባር ከሞከሩት አገሮች ተሞክሮ እየተነሣ ለመመልከት ይሞክራል።

ሕጉን ያወጣው ማን፣ የከፈለው ማን?

ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 4736 የመንግሥት ተቋማት አገልግሎታቸውን በነጻ ወይም በቅናሽ እንዳይሰጡ የሚከለክል ነበር። በ2013 የወጣው ሕግ ቁጥር 6495 ግን በዚህ ክልከላ ላይ ልዩ ሁኔታ ጨመረ። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዜጎች በከተማ ውስጥ በአውቶቡስ፣ በባቡርና በጀልባ በነጻ እንዲሳፈሩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ በሚሄድ ባቡርም በግማሽ ዋጋ እንዲጓዙ ፈቀደ። ዝርዝር አፈጻጸሙን የያዘው ደንብ በመጋቢት 2014 ወጣ።

ሕጉ ለአረጋውያኑ ደስታ ሲሆን ለሌሎች ግን ራስ ምታት ሆነ። በቱርክ ከተሞች ከሚንቀሳቀሱት አውቶቡሶች ብዙዎቹ የግለሰቦች ንብረት ናቸው። ባለ አውቶቡሱ ነዳጁን፣ ጎማውንና የሾፌሩን ደመወዝ የሚሸፍነው ከተሳፋሪ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። መንግሥት «ሽማግሌዎቹን በነጻ ጫን» ብሎ ሲያዘው፣ ቸርነቱ የመንግሥት ሆኖ ሂሳቡ የእርሱ ሆነ። ውጤቱም ብዙ አልቆየም። ሾፌሮች ፌርማታ ላይ ሽማግሌ ሲያዩ ሳይቆሙ ማለፋቸው፣ አንዳንዶችም አረጋውያንን በክፉ ቃል መናገራቸው በተደጋጋሚ የዜና ርዕስ ሆኗል። ሕጉ ክብር ሊሰጣቸው የወጣላቸው ሰዎች በአውቶቡሱ በር ላይ ተዋረዱ።

ከ2015 ጀምሮ የቱርክ መንግሥት ለእያንዳንዱ የግል አውቶቡስና ጀልባ ወርኃዊ የገቢ ድጎማ መክፈል ጀምሯል። ባለንብረቶቹ ክፍያው በቂ አይደለም ቢሉም፣ የተቀበለው መሠረተ ሐሳብ ትክክለኛ ነው። የአረጋዊው ጉዞ ወጪ የኅብረተሰቡ ሁሉ ወጪ ከሆነ፣ መከፈል ያለበትም ከኅብረተሰቡ ሁሉ ካዝና እንጂ ከአንድ ሾፌር ኪስ አይደለም።

ስለ ዕድሜ ወሰን የሚነሣው ሙግት

ነጻ ጉዞን የሚቃወሙ ሰዎች ከሚያነሷቸው ነጥቦች ጠንካራው የገንዘብ አቅም ጉዳይ ነው። ለዚህም ደቡብ ኮሪያን ይጠቅሳሉ።

በኮሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ ሰዎች ከ1984 ጀምሮ በከተሞች የምድር ውስጥ ባቡር በነጻ ይጓዛሉ። ውሳኔው ሲወሰን በዚህ ዕድሜ ላይ የነበሩት ኮሪያውያን ከመቶ አራት ገደማ ብቻ ነበሩ። በታኅሣሥ 2024 ግን የአረጋውያኑ ቁጥር ከመቶ ሃያ ደረሰ። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የባቡር ድርጅቶቹ በየዓመቱ ኪሳራ ያስመዘግባሉ፤ ከተሞቹም ማዕከላዊው መንግሥት ሸክሙን ይካፈለን እያሉ ለዓመታት ሲወተውቱ ኖረዋል። ዴጉ የምትባለው ከተማ ከ2024 ጀምሮ የባቡሩን የዕድሜ ወሰን በየዓመቱ በአንድ ዓመት ከፍ እያደረገች በ2028 ሰባ ዓመት ላይ ለማድረስ ወስናለች። በአንጻሩ ቀድሞ ነጻ ያልነበረውን አውቶቡስ መጀመሪያ ለ75 ዓመት አዛውንት ከፍታ፣ ወሰኑን እየቀነሰች እዚያው ሰባ ላይ ልታገናኘው ነው። ከአንዱ የቀነሰችውን በሌላው ላይ መጨመሯ ነው።

ከኮሪያ ሌላም የሚነገር ነገር አለ። በሴኡል ሽማግሌዎች ሰነድ፣ የአበባ ስጦታና ትናንሽ ዕቃዎች ይዘው በባቡር ከሰፈር ሰፈር የሚያደርሱበት ሥራ አለ። ጉዞው ነጻ ስለሆነ መልእክት አድራሽ ድርጅቶቹ የትራንስፖርት ወጪ የለባቸውም፤ ሽማግሌዎቹም ትንሽ ገቢ ያገኛሉ። ተቃዋሚው ይህን «በሕዝብ ገንዘብ ንግድ» ይለዋል። ደጋፊው ደግሞ በሰባ አምስት ዓመቱ ቤት ተዘግቶበት ከመቀመጥ ይልቅ ወጥቶ የሚሠራ ሰው ለራሱም ለአገሩም ይሻላል ይላል። ለእኔ ሁለተኛው ሚዛን ይደፋል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ወገን ስጋት ማናናቅ አይገባም። የሚገባው ትምህርት ይህ ነው፦ የዕድሜ ወሰን ለዘለዓለም የሚቆም ግንብ አይደለም። የሕዝቡ ቁጥርና የአገሩ አቅም ሲለወጥ እየታየ ሊስተካከል ይችላል።

ግብጽ ወሰኑን ከፍ አድርጋ ከጀመሩት አንዷ ናት። በአፍሪካና በዓረቡ ዓለም የመጀመሪያ በሆነውና በ1987 ሥራ በጀመረው የካይሮ ሜትሮ፣ 70 ዓመት የሞላቸው ግብጻውያን በነጻ ይሳፈራሉ። አገሪቱ በ2024 የአረጋውያንን መብት የሚመለከት ሕግ ቁጥር 19ን አውጥታ፣ ለዚህ ዓይነቱ እንክብካቤ ሰፋ ያለ ሕጋዊ መሠረት ሰጥታዋለች።

ካርድ አለ፣ አውቶቡስ የለም

ከእንግሊዝ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ አረጋውያን በመላው አገሪቱ በአካባቢ አውቶቡሶች በነጻ እንዲሳፈሩ በሕግ ተደንግጓል። በሥራ ቀናት ነጻነቱ የሚጀምረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሠራተኛውና ተማሪው ሲጋፋ አዛውንቱ ትንሽ ይቆያሉ፤ ግፊያው ሲቀልና አውቶቡሱ ባዶ ወንበር ይዞ ሲመላለስ እርሳቸው ይሳፈራሉ። ባዶውን ሊሄድ የነበረ ወንበር አንድ አረጋዊ ቢቀመጥበት የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው።

የጤና ጥቅሙም ተጠንቷል። የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የነጻ ጉዞ ካርድ ያላቸው አረጋውያን ከሌላቸው ይልቅ በእግራቸው የመንቀሳቀስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ለሚያስተውል ሰው ይህ አያስገርምም። አውቶቡስ የሚይዝ ሰው እስከ ፌርማታው ይራመዳል፤ ከወረደም በኋላ ይራመዳል። ቤት የሚቀመጥ ግን ጉልበቱም እየታሠረ ይሄዳል።

ይሁንና በዚያችው አገር ገጠር ውስጥ ካርዱን ይዘው አውቶቡስ ያጡ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። የአካባቢ አስተዳደሮች በጀታቸው ሲጠብ የሚደጉሟቸውን መሥመሮች ሠረዙ። መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ አውቶቡሱ ግን አይመጣም። ሉክሰምበርግ በ2020 ትራንስፖርቷን ለሁሉም ሰው ነጻ ያደረገችው ባቡርና አውቶቡስ በማስፋፋት ላይ ብዙ ገንዘብ እያፈሰሰች ነው። ቲኬቱን ነጻ ማድረግና አገልግሎቱን ማስፋት ጎን ለጎን ካልሄዱ፣ የመጀመሪያው ብቻውን ባዶ ተስፋ ይሆናል።

የሽማግሌው በደጅ መቆም

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ይህን ጉዳይ ስናነሣ አንድ መልስ ቶሎ ይሰጠናል። «አረጋዊን መንከባከብ የልጆቹ ግዴታ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው?» ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ቁርኣን ወላጆች እርጅና ሲደርስባቸው ልጅ ሊያሳያቸው የሚገባውን ትሕትና በግልጽ አዝዟል። የትኛውም የመንግሥት ካርድ ይህን ግዴታ ከልጅ ትከሻ አያወርድም። ነገር ግን ልጁ አውቶቡስ አይገዛም፤ መንገድ አይዘረጋም። ልጁም እንደ እኔና እንደ ብዙዎቻችሁ ባሕር ተሻግሮ የሚኖር ሊሆን ይችላል። ልጅ ያልወለዱ፣ ወልደውም የቀበሩ አረጋውያንም አሉ።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ዘመናት በፊት የፈታ አንድ ታሪክ አለ። ኢማም አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት «ኪታቡል ኸራጅ» በተባለው መጽሐፋቸው እንዳሰፈሩት፣ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በአንድ ደጅ ሲያልፉ የሚለምን ዓይነ ስውር ሽማግሌ አገኙ። ሰውየው አይሁዳዊ ነበር። ለልመና ምን እንዳበቃው ሲጠይቁት የሚከፍለው ግብር፣ ችግርና እርጅና መሆናቸውን ነገራቸው። ዑመር እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ካላቸውም ሰጡት። በዚያ ግን አላበቁም። የበይተል ማልን ኃላፊ አስጠርተው ይህን ሰውና መሰሎቹን እንዲመለከት አዘዙ። ወጣትነቱን ከተጠቀሙበት በኋላ በእርጅናው መጣል ፍትሕ እንዳልሆነም ተናገሩ፤ ግብሩንም አነሡለት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዑመር ከራሳቸው ቤት የሰጡት ሰደቃ ነው፤ ከበይተል ማል ያዘዙት ግን መብት ነው። ሁለቱን አላቀላቀሉም። ሁለተኛ፣ ውሳኔያቸው ለአንድ ሰው ሳይሆን «ለመሰሎቹ» ሁሉ ነበር፤ አይሁዳዊ መሆኑም አላገዳቸውም። ሦስተኛ፣ ወጪውን በገበያው ነጋዴ ወይም በዳቦ ጋጋሪው ላይ አልጣሉትም። በሕዝብ ካዝና ላይ አደረጉት። ቱርክ በሾፌሮቿ ቅሬታ በኩል የደረሰችበት መደምደሚያ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ቀድሞ አለ።

አባቴ በአንድ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። በየወሩ ከደመወዛቸው ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቆርጧል። ዛሬ አዲስ አበባን የሚያቋርጡት መንገዶች፣ የሚመላለሱት አውቶቡሶች ከእርሳቸውና ከእኩዮቻቸው ላብ ውጭ አልመጡም። እንደ እርሳቸው ያለ ሰው በሰባ አምስት ዓመቱ አውቶቡስ ያለክፍያ ቢሳፈር፣ የከፈለውን መልሶ መቀበሉ እንጂ መለመኑ አይደለም።

በአዲስ አበባ ቢታሰብስ?

ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ናት። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ከሕዝቡ ከመቶ ሦስት ገደማ ናቸው። ይህ ኮሪያ ነጻ ጉዞን ስትጀምር ከነበራት ድርሻ እንኳ ያነሰ ነው። ሸክሙ ሳይከብድ ሥርዓቱን መዘርጋት የሚቻልበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው።

በእርግጥ የአዲስ አበባ ነዋሪ በብዛት የሚጓዘው በግል ሚኒባስ ታክሲ ነው። «ታክሲዎች ሽማግሌዎችን በነጻ ይጫኑ» የሚል መመሪያ ቢወጣ የቱርክን ስሕተት መድገም ይሆናል፤ ረዳቱም ሽማግሌውን እያየ «ሞልቷል» ይላል። ስለዚህ ሁነኛው መነሻ ከተማው አስቀድሞ የሚደጉማቸው አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ናቸው። ዕድሜውን ከ70 ዓመት መጀመር፣ ሰዓቱንም የጠዋትና የማታው ግፊያ ካለፈ በኋላ ማድረግ ይቻላል። ለብዙ አረጋውያን የልደት ምስክር ወረቀት ማቅረብ አስቸጋሪ እንደነበር ይታወቃል። አሁን ግን የፋይዳ መታወቂያ የትውልድ ዘመንን ስለሚይዝ ዕድሜን ለማረጋገጥ ሌላ ወረፋ አያስፈልግም። የታክሲዎቹ ተራ የሚደርሰው ለእያንዳንዱ አረጋዊ ጉዞ ከከተማው በጀት በቀጥታ የሚከፈልበት መንገድ ሲገኝ ነው።

ለዚህ የሚቀርብ ሌላም ማስረጃ በከተማዋ ውስጥ አለ። የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ሥራ የሚመላለሱበት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ለሠራተኛው ነጻ ነው። አገልግሎቱ የተቋቋመው በሥራ ላይ ላሉት መሆኑ ይገባኛል፤ ሠራተኛው በሰዓቱ መድረስ አለበት። ነገር ግን ያው ሠራተኛ ጡረታ ወጥቶ ገቢው ሲቀንስ የመጓጓዣ ወጪ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ደመወዝ ለሚያገኘው ነጻ የሆነ ነገር፣ ለጡረተኛው ነጻ ቢሆን ምን ያስገርማል?

ነጻ ጉዞው ብቻውን እንደማይበቃም ከእንግሊዝ ተምረናል። የአውቶቡሱ መወጣጫ ለታመመ ጉልበት የሚመች ካልሆነ፣ ፌርማታው ላይ መቀመጫና ጥላ ከሌለ፣ ባቡሩም በብልሽት ምክንያት ቶሎ ቶሎ ካልመጣ፣ ካርዱ በኪስ ውስጥ ይቀራል። በታክሲ ሰልፍ ላይ ሽማግሌንና ነፍሰ ጡርን ማስቀደም በሕዝባችን ዘንድ ያለ ውብ ልማድ ነው። መንግሥት የሚያወጣው ሥርዓት ይህን ልማድ የሚደግፍ እንጂ የሚተካ አይሆንም።

ጉዳዩ ለእኛ፣ በዚህ አካባቢ ለምንኖር፣ ከወላጆቻችን አልፎ ወደ ራሳችንም ይመጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠሩ ወገኖቻችን መኖሪያ ፈቃዳችሁ ከሥራችሁ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቻችሁ ወጣትነታችሁን እዚህ አሳልፋችሁ፣ እርጅናችሁን አገር ቤት ትቀበላላችሁ። ነገ ኮልፌ ወይም ደሴ፣ ጅማ ወይም ሐረር ፌርማታ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ወላጆቻችን ዛሬ የሚያገኙት መስተንግዶ ነገ የእኛው ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት አባቴ ዘንድ መልሼ ደወልኩ። እህቴ የነገረችኝን እንደማውቅ ገለጽኩላቸውና ለታክሲ ብቻ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ እንደምልክ ነገርኳቸው። አመሰገኑኝ፤ ዱዓም አደረጉልኝ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ አንተ ስትልክልኝ እያንዳንዱን ጉዞ ከልጆችህ አፍ የነጠቅኩ ይመስለኛል። ታክሲ በገባሁ ቁጥር አንተን አስባለሁ። ለሐኪም ቤት ይሁን፤ ለሰው ጥየቃ ግን እጄ አይፈታም።»

እነዚያን የትራሙን አዛውንት አሰብኩ። ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም። ምናልባት ሐኪም ቤት፣ ምናልባት የልጅ ልጅ ለማየት፣ ምናልባትም ከቤት ወጥተው አየር ለመቀበል ብቻ ነበር። የትም ቢሄዱ ለማንም ማስረዳት አልነበረባቸውም፤ የማንም ልጅ ወጪ አልሆኑም። አባቴም ከልጃቸው ገንዘብ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ይህ ነው፦ ጁሙዓ ቀን ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ማንንም ሳያስቡ፣ ወደ አንዋር መሄድ።